«ዲስከስ አባውት» ለምን ተሰረዘብኝ? የእንግሊዝኛ ግሥና መስተዋድዱ

ተመራቂ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለአማካሪዬ ልኬላቸው ነበር። ሐሳቡን ወደውታል፤ ገጾቹ ግን በቀይ ተሞልተው ነው የተመለሱልኝ። ቀዩ ያረፈው ደግሞ ትላልቅ ቃላት ላይ አይደለም። ኦን፣ ኢን፣ ቱ፣ ኦፍ፣ ፎር በሚሉት ትናንሽ መስተዋድዶች ላይ ነው።

በጣም ግራ ያጋባኝን ልንገራችሁ። ገጽ አራት ላይ «ስኩልስ ላክ ኦፍ ቡክስ» ብያለሁ። ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ይጎድላቸዋል ማለቴ ነው። «ኦፍ» ተሰርዟል። ሁለት መስመር ወረድ ስል «ዘ ላክ ኦፍ ቡክስ» የሚል አለ። እሱ አልተነካም። ያው ቃል፣ ያው ገጽ።

«ዲስከስ አባውት» ላይ «አባውት» ወጥቷል። «ኤምፋሳይዝ ኦን» ላይ «ኦን» ወጥቷል። «ፎከስ ኦን» ግን እንዳለ ቀርቷል። «ዊ ሊስንድ ዘ ኢንተርቪውስ» ያልኩት ላይ ደግሞ «ቱ» ገብቷል። አንዱ ጋ ይወጣል፣ ሌላው ጋ ይገባል። ሕግ አለው ወይስ እያንዳንዱን መሸምደድ ነው? የሁለተኛውን ምዕራፍ ማስረከቢያ ቀን ደርሷል። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ።

አራሚ

እህቴ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማረም ሥራዬ ነው። ያስቀመጥሽው ምሳሌ ትክክለኛው መነሻ ነው። «ላክ» ሁለት ሥራ ይሠራል። አንድ ጊዜ ግሥ ነው፣ አንድ ጊዜ ስም ነው። «ስኩልስ ላክ ቡክስ» ስትዪ ግሥ ነው፤ ተሳቢውን በቀጥታ ይይዛል፣ መሃል ማንም አይገባም። «ዘ ላክ ኦፍ ቡክስ» ስትዪ ስም ሆነ፤ ስም ደግሞ ሌላ ስም ለማያያዝ መስተዋድድ ያስፈልገዋል። አማካሪሽ ሁለቱንም በትክክል ነው ያረሙት።

እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ቃላት አሉ። «ዲስከስ» ብቻውን፣ «ዲስከሽን» ሲሆን ግን «አባውት» ወይም «ኦፍ»። «ኤምፋሳይዝ» ብቻውን፣ «ኤምፋሲስ» ግን «ኦን»። «ሪኩዌስት» ግሥ ሲሆን ብቻውን፣ ስም ሲሆን «ፎር»። «አንሰር» ግሥ ሲሆን ብቻውን፣ ስም ሲሆን «ቱ»። «አፕሮች» እንዲሁ። «ኮንታክት» ግሥ ሲሆን ብቻውን፣ ስም ሲሆን «ዊዝ»። «ኢንፍሉወንስ» ግሥ ሲሆን ብቻውን፣ ስም ሲሆን «ኦን»።

ሰው የሚሳሳተው መስተዋድዱን ስለማያውቅ አይደለም። ስሙን በትክክል ያውቀዋል። «ዲስከሽን አባውት» ሲባል ሺህ ጊዜ ሰምቷል። ከዚያ «አባውት»ን ይዞ ወደ ግሡ ይሻገራል።

ቀላል መፈተኛ ልስጥሽ። ከቃሉ ፊት «ዘ» ወይም «ኤ» ወይም «አወር» ማስገባት ይቻላል? ከተቻለ ስም ነው፤ መስተዋድዱ ይቆይ። «ዊ»፣ «ዘይ»፣ «ዚስ ቻፕተር» ከፊቱ ተቀምጦ ድርጊቱን የሚፈጽም ከሆነ ግሥ ነው፤ መስተዋድዱን ተጠራጠሪው።

ጀማሪ ተርጓሚ

አራሚ ያለው ትክክል ነው። «ፎከስ ኦን» ግን ለምን ቀረ? «ፎከስ»ም እዚያ ግሥ ነበር።

አራሚ

ጥሩ ጥያቄ። መፈተኛው «ተጠራጠሪ» ነው የሚለው፣ «አውጪ» አይልም። «ፎከስ» ግሥም ሆኖ ስምም ሆኖ «ኦን» ይፈልጋል። «ሪፕላይ» ሁለቱም ጋ «ቱ» ይፈልጋል። «ዲፔንድ» «ኦን»፣ «ዲፔንደንስ»ም «ኦን»። እነዚህ አያስቸግሩም፤ አንዱን ያወቀ ሌላውን አወቀ። የሚያስቸግሩት ከላይ የዘረዘርኳቸው ናቸው።

ተማሪዋን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ኤምፋሳይዝ ኦን» ያልሽበት ቦታ መጀመሪያ የጻፍሽው ሌላ ቃል ነበር?

ተመራቂ ተማሪ

እንዴት አወቅህ? መጀመሪያ «ፎከስስ ኦን» ነበር። በአንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ስለደገምኩት የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ከፍቼ ሁለተኛውን በ«ኤምፋሳይዝስ» ተካሁት።

አራሚ

ከማርማቸው ጽሑፎች በዚህ ያልተነካ የለም ማለት እችላለሁ። ጸሐፊው ግሡን ይቀይራል፣ መስተዋድዱ ግን ካሮጌው ግሥ ተርፎ እዚያው ይቀራል። «ኮንሲስትስ ኦፍ» ነበር፤ ግሡ «ኮምፕራይዝስ» ይሆንና «ኦፍ» ይቀራል። ትክክሉ «ኮምፕራይዝስ» ብቻውን ነው። «ሪፕላይድ ቱ» ነበር፤ «አንሰርድ ቱ» ይሆናል። «ቶክድ አባውት» ነበር፤ «ዲስከስድ አባውት» ይሆናል። «አራይቭድ አት» ነበር፤ «ሪችድ አት» ይሆናል።

የትርጉም ዝምድና የሰዋስው ዝምድና አይደለም። ግሥ ስትቀይሪ ከግሡ ቀጥሎ ያለውን ቃል አብረሽ አጥፊው። ከዚያ አዲሱ ግሥ ምን እንደሚፈልግ እንደ አዲስ ጠይቂ። ይቺን አንዲት ነገር ብቻ ብታደርጊ ግማሹ ቀይ ይጠፋል ብዬ አምናለሁ።

ጀማሪ ተርጓሚ

እኔ ደግሞ ከአማርኛው በኩል ልምጣ። እኛ ስንሳሳት ዝም ብለን አይደለም የምንሳሳተው። አማርኛው የሚለውን ነው ይዘን የምንሄደው።

«ጓደኛዬን ጠበቅኩ» እንላለን። ቀጥታ ተሳቢ ነው። ስለዚህ «አይ ዌይትድ ማይ ፍሬንድ» ይመጣል፣ «ፎር» ይረሳል። «ሙዚቃ አዳመጥኩ» እንላለን፣ «ሊስን» ላይ «ቱ» ይረሳል። «እርዳታ ጠየቅን» እንላለን፣ «አስክድ ሄልፕ» እንጽፋለን። እንግሊዝኛው ግን ጥያቄ መጠየቅንና ነገር መለመንን ይለያል። ጥያቄ ሲሆን «አስክ ኤ ኩዌስቸን»፣ እንዲሰጥህ የምትፈልገው ነገር ሲሆን «አስክ ፎር ሄልፕ»። አማርኛ ሁለቱንም «ጠየቀ» ስለሚል ልዩነቱ አይታየንም።

በተቃራኒውም አለ። «ወደ ክፍሉ ገባ» እንላለን፤ «ኤንተርድ ቱ ዘ ሩም» ይወጣል። «ቱ» አያስፈልግም። «ለጥያቄው መለሰ» እንላለን፤ «አንሰርድ ቱ ዘ ኩዌስቸን» ይወጣል። እዚህም አያስፈልግም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» እንላለን፤ «ሜሪድ ዊዝ ኸር» ይወጣል። ትክክሉ «ሂ ሜሪድ ኸር» ነው። ሁኔታውን ለመግለጽ ከሆነ «ሂ ኢዝ ሜሪድ ቱ ኸር»፤ እዚያ «ቱ» ነው እንጂ «ዊዝ» አይደለም።

«ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ደግሞ የዚህ ሁሉ ጣጣ አባት ነው። «ስለ» ካለ «አባውት» ይመጣል። አራሚ ከስሙ ተሻግሮ ነው አለ፤ እኔ ደግሞ ከአማርኛውም ነው እላለሁ። ሁለቱ ተደጋግፈው ስህተቱን ያጸኑታል።

ሌሊት አንባቢ

«ላይ»ንም ጨምርበት ወንድሜ። «በጥናቱ ላይ ተሳተፉ» እንላለን። ስንት ጊዜ «ፓርቲሲፔትድ ኦን ዘ ስተዲ» ብዬ ጽፌያለሁ። ትክክሉ «ኢን» ነው። «በስብሰባው ላይ ተገኘ» ደግሞ «አተንድድ ኦን ዘ ሚቲንግ» አይደለም፤ «አተንድድ ዘ ሚቲንግ» ነው፣ ምንም የለውም።

ቃል ሰብሳቢ

«በ»ን የረሳችሁት ይመስለኛል። ከሁሉም የባሰችው እሷ ናት። አንዲት ፊደል ናት፣ እንግሊዝኛው ጋ ስትደርስ ግን ሰባት ቦታ ትበተናለች።

በስርቆት ከሰሰው፦ «አኪዩዝድ» ከሆነ «ኦፍ» ነው። ያው ክስ በሕግ ቋንቋ «ቻርጅድ» ከተባለ «ዊዝ» ይሆናል። በእሷ ተመካ፦ «ሪላይ ኦን»። በፈጣሪ አመነ፦ «ቢሊቭ ኢን»። በዘርፉ ተካነ፦ «ስፔሻላይዝ ኢን»። በውሃ ሞላው፦ «ፊል ዊዝ»። በሥራው ታወቀ፦ «ኖውን ፎር»። በዜናው ተገረመ፦ «ሰርፕራይዝድ ባይ» ወይም «አት»። እኔ ደብተር ይዤ በአማርኛው መስተዋድድ ሥር ነው የምሰበስባቸው። «በ» የሚለው ገጽ ሞልቶ ወደ አራተኛው ተሻግሯል።

የሰዋስው መምህር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። ለረጅም ዓመታት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። አንድ የሚጎድል ነገር አየሁና ልጨምር።

አማርኛ መስተዋድዱን ስም ላይ ብቻ አያስቀምጥም። ግሡ ውስጥም ይከተዋል። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚሉትን ተመልከቱ። ልዩነቱ «ለ» እና «በ» ናት፣ ሁለቱም ግሡ ሆድ ውስጥ ናቸው። እንግሊዝኛ እንዲህ ማድረግ አይችልም። መስተዋድዱን ለብቻው አውጥቶ ያቆመዋል። ስለዚህ ስንተረጉም ግሡ ሆድ ውስጥ ያለችው ፊደል ትጠፋብናለች።

«የምኖርበት ቤት» በሉ። «በ» እዚያ አለች። ተማሪው ሲጽፈው ግን «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ» ይላል። ቤቱን እኖረዋለሁ እንደማለት ነው። «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ ኢን» መሆን አለበት። «የምሠራበት ድርጅት»፣ «የተመካንበት መረጃ»፣ «የጻፍኩለት ሰው» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። «ዘ ዴታ ዊ ሪላይድ» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ «ኦን» ያስፈልጋል።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህን ነበር። በአማርኛ ስታስቡት ግሡ ውስጥ «-በት» ወይም «-ለት» ከሰማችሁ፣ እንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ መስተዋድድ የሆነ ቦታ መቆም አለበት። ከሌለ ጥላችሁታል። ተመልሳችሁ ፈልጉት።

«አስረዳኝ» ደግሞ ሌላው ነው። ተማሪዋ ራሷ «አስረዱኝ» ብላ ጀምራለች። «-ኝ» ስላለች «ኤክስፕሌይን ሚ» ይመጣል። «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው ትክክሉ። «ሰጀስት» እና «ዲስክራይብ»ም ሰውየውን በ«ቱ» ነው የሚያስገቡት። «ቴል» ግን «ቴል ሚ» ይላል፣ «ቱ» አይወድም።

ተመራቂ ተማሪ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «-በት» የሚለውን ሳነብ ሁለተኛውን ምዕራፍ ከፈትኩት። «ዘ ሩም ዘ ስቱደንትስ ስተዲ» የሚል አገኘሁ። ተማሪዎቹ የሚያጠኑበት ክፍል ማለቴ ነበር። «ኢን» የለም። እስከ ዛሬ አይቼው አላውቅም ነበር።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ዐረፍተ ነገር በመስተዋድድ አይጨረስም ተብለን ነው የተማርነው። «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ ኢን» ታዲያ እንዴት ይሆናል?

ሌሊት አንባቢ

እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት። በመስተዋድድ መጨረስ ክልክል ነው። «ኢን ዊች አይ ሊቭ» መባል አለበት።

የሰዋስው መምህር

ክልክል አይደለም። ወሬው ግን ዕድሜ አለው። ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 የተውኔት ጸሐፊውን የቤን ጆንሰንን አጻጻፍ ሲተች ዐረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስን እንደ ጉድለት ቆጠረው። ከዚያ የሰዋስው ጸሐፊዎች አነሡት፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ ሕግ መሰለ። ሄንሪ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው የአጠቃቀም መዝገበ ቃላቱ አጉል እምነት ብሎታል። ጥሩ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች በየዘመኑ በመስተዋድድ ሲጨርሱ ኖረዋል።

ለምርምር ጽሑፍ «ዘ ሩም ኢን ዊች ዘ ስቱደንትስ ስተዲ» ብትዪ ለቦታው ይመጥናል። ለደብዳቤ «ዘ ሩም ዘይ ስተዲ ኢን» ይሻላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስህተት የሚሆነው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ጨርሶ መጣል ነው። ሌላው ሁለት ጊዜ ማስገባት ነው፣ «ኢን ዊች ዘይ ስተዲ ኢን» እንደሚሉት። ሦስተኛው «ዌር ዘይ ስተዲ ኢን» ነው። «ዌር» ራሱ «በት»ን ይዟል፤ «ኢን» ትርፍ ነው።

ሌሊት አንባቢ

ገባኝ መምህር። ይሄን ያህል ዓመት «ዊች»ን ፊት ለማምጣት ስታገል ነው የኖርኩት። ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ።

ቃል ሰብሳቢ

ከላቲን የመጡ ግሦች ላይ አንድ ፍንጭ አለ። የግሡ ቅድመ ቅጥያ መስተዋድዱን ይጠቁማል። «ኮን» እና «ኮም» አብሮ ማለት ነው፤ «ኮላቦሬት ዊዝ»፣ «ኮምፕላይ ዊዝ»፣ «ኮንፍሊክት ዊዝ»። «አድ» ወደ ማለት ነው፤ «አድሂር ቱ»፣ «አዳፕት ቱ»፣ «አድ ቱ»። «ዲ» እና «አብ» ከ ማለት ነው፤ «ዲራይቭ ፍሮም»፣ «ዲቪዬት ፍሮም»፣ «አብስቴይን ፍሮም»። «ሰብ» ደግሞ ወደ «ቱ» ይሄዳል፤ «ሰብሚት ቱ»፣ «ሰብስክራይብ ቱ»። እኔን በጣም ጠቅሞኛል።

አራሚ

ፍንጩ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ግን ተማሪዋ ለማስረከብ ስለተቃረበች ጥንቃቄውን ልጨምር። «ዲፔንድ» በላቲን ከአንድ ነገር መንጠልጠል ነው። በፍንጩ ቢሄዱ «ፍሮም» ይመጣ ነበር። እንግሊዝኛ ግን «ኦን» አለ። «ኮንሲስት»ም «ኮን» አለው፣ የሚይዘው ግን «ኦፍ» ነው። ስለዚህ ፍንጩን ለማስታወስ ተጠቀሙበት። ለመወሰን አትጠቀሙበት።

ቃል ሰብሳቢ

እስማማለሁ። መጀመሪያ መዝገበ ቃላት፣ ፍንጩ ከዚያ በኋላ።

ጀማሪ ተርጓሚ

መስማማት ካነሣህ አይቀር፣ «አግሪ»ን ማለፍ የለብንም። ከሰው ጋር ሲሆን «አግሪ ዊዝ»። የቀረበልህን ሐሳብ ተቀበልክ ማለት ሲሆን «አግሪ ቱ»። ሁለት ወገን አንድ ነገር ላይ ሲደርስ «አግሪ ኦን»። ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ትርጉማቸው ግን ይለያያል። አንድ የስምምነት ሰነድ ስተረጉም «አግሪ ዊዝ ዘ ተርምስ» ብዬ ነበር። ውሎቹን እደግፋለሁ፣ ጥሩ ናቸው ማለት ይሆናል። የተፈለገው ግን ውሎቹን ተቀብያለሁ፣ እገዛባቸዋለሁ ነው። «ቱ» ነበር የሚያስፈልገው። ደንበኛው ሳይፈርም በፊት ሌላ ሰው አየው። አሁን ድረስ ሳስበው ያስደነግጠኛል።

እንዲህ ያሉት ናቸው የሚያስፈሩኝ። «ሊስን» ላይ «ቱ» ቢጠፋ አንባቢ ስህተቱን ያያል፣ ሐሳቡን ግን ያገኛል። እነዚህ ግን ሌላ ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ። «ሪዘልት ኢን» ካልክ ቀጥሎ የሚመጣው ውጤቱ ነው። «ሪዘልት ፍሮም» ካልክ ቀጥሎ የሚመጣው ምክንያቱ ነው። አንዲት ቃል ስትቀየር ምክንያትና ውጤት ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። «አተንድ ዘ ፔሸንት» እና «አተንድ ቱ ዘ ፔሸንት»ንም ተመልከቱ፤ ነጠላው በሕክምና ቋንቋ ካልሆነ ብዙም አይባልም፣ «ቱ» ሲገባ ግን መንከባከብ ነው። ስብሰባ ላይ «ቱ» ካስገባህ ስብሰባውን ተንከባከብኩ ይመስላል።

ሌሊት አንባቢ

«አፕላይ»ስ? ለሥራ ሳመለክት ሁልጊዜ እጠራጠራለሁ።

አራሚ

የምትፈልገው ነገር «ፎር»፣ የምታመለክትበት ቦታ «ቱ»። «አፕላይ ቱ ዘ ዩኒቨርሲቲ ፎር ኤ ስኮላርሺፕ»። ሁለቱም አንድ ላይ ሊመጡ ይችላሉ። ሕግ አንድን ሰው ይመለከተዋል ለማለትም «አፕላይስ ቱ» ነው።

ተመራቂ ተማሪ

«ኮምፔር»ስ? ጽሑፌ ውስጥ አንዳንዱ ጋ «ቱ»፣ አንዳንዱ ጋ «ዊዝ» ብያለሁ።

አራሚ

የቆየው ልዩነት እንዲህ ነው። ይህ እንደዚያ ነው ብለሽ ስታመሳስዪ «ቱ»። ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አንድነትና ልዩነታቸውን ስትመረምሪ «ዊዝ»። የአንቺ ሥራ ሁለተኛው ስለሆነ «ዊዝ» ያስኬድሻል። ዛሬ ብዙ ጥሩ ጸሐፊዎች ለሁለተኛውም «ቱ» ይላሉ፣ ስህተት ብሎ የሚሰርዝ አራሚም ጥቂት ነው። ዋናው ነገር አንዱን መርጠሽ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው።

ሌሊት አንባቢ

እኔ የማውቀው አንድ ስህተት አለ፤ ደብዳቤ ላይ ስለማየው ልናገር። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚት ዩ»። «ቱ» ካለ በኋላ ባዶ ግሥ ይመጣል ብለን ስለተማርን ነው።

የሰዋስው መምህር

ግሩም። ሁለት «ቱ» አለ ልጆቼ። አንዱ ግሥ ፊት የሚቆመው ነው፣ «አይ ዎንት ቱ ሚት ዩ» እንደሚባለው። ሌላው መስተዋድድ ነው። መስተዋድድ ከሆነ ተከታዩ ስም ነው፣ ወይም «ኢንግ» የያዘ ግሥ።

መለያው እንዲህ ነው። ከ«ቱ» በኋላ ግሡን አውጡና «ዚስ» የሚል አስገቡ። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዚስ» ያስኬዳል። ስለዚህ መስተዋድድ ነው፤ «ቱ ሚቲንግ ዩ» ይሁን። «አይ ዎንት ቱ ዚስ» አያስኬድም። ስለዚህ ባዶ ግሥ ይሁን። «ኦብጀክት ቱ»፣ «ኮንትሪቢዩት ቱ»፣ «ኮሚትድ ቱ»፣ «ዴዲኬትድ ቱ» ሁሉም እንደ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ናቸው። «ዩዝድ ቱ» ግን ሁለት ነው። ለመድኩ ለማለት «አም ዩዝድ ቱ ራይቲንግ»፤ ድሮ እጽፍ ነበር ለማለት «ዩዝድ ቱ ራይት»።

ጀማሪ ተርጓሚ

ለምርምር ጽሑፍ ሁለት ቃል ስታጣምሪ ተጠንቀቂ እህቴ። «ኢንተረስትድ ኤንድ ኮሚትድ ቱ ዘ ፕሮጀክት» ብዙ ቦታ አያለሁ። «ኮሚትድ» የራሱን «ቱ» አገኘ፣ «ኢንተረስትድ» ግን ባዶ እጁን ቀረ። «ኢንተረስትድ ኢን ኤንድ ኮሚትድ ቱ» መሆን አለበት። ሁለቱ አንድ መስተዋድድ የሚጋሩ ከሆነ ብቻ ነው አንድ ጊዜ መጻፍ የሚበቃው።

ሌሊት አንባቢ

እሺ፣ አሁን የምትጽፈው ግሥ ምን እንደሚይዝ በምን ታረጋግጥ? እኔ ጉግል ላይ ጽፌ ብዙ ውጤት ያመጣውን ነበር የምወስደው።

አራሚ

ቁጥሩን አትመነው ወንድሜ። «ዲስከስ አባውት» ብለህ ብትፈልግ ብዙ ያመጣልሃል። ግማሹ የኛው ዓይነት ስህተት ነው፣ ግማሹ «ዲስከስ አባውት ቴን ኢሹስ» ዓይነት ነው። እዚያ «አባውት» ያህል ማለት ነው፤ ወደ አሥር የሚሆኑ ጉዳዮችን መወያየት ነው።

መጀመሪያ የቋንቋ ተማሪዎች መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ለአፍ መፍቻ ተናጋሪ የተዘጋጀው በአብዛኛው ትርጉሙ ላይ ያተኩራል። ለተማሪ የተዘጋጀው ግን ግሡ የሚይዘውን መስተዋድድ በደማቁ ጽፎ ከምሳሌ ጋር ያሳያል። ይህን መንገድ ካቀኑት አንዱ ኤ ኤስ ሆርንቢ ነው። ጃፓን እያስተማረ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1942 እዚያው ታተመ፣ በ1948 ደግሞ በኦክስፎርድ ወጣ። እያንዳንዱ ግሥ በምን አገባብ እንደሚቆም መዝግቦ ነበር። ለተማሪ የሚያስቸግረው ትርጉሙ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል ማለት ነው።

መዝገበ ቃላቱ ካላረካህ የጽሑፍ ክምችት አለ፤ ሰዎች የጻፉትና የተናገሩት ተሰብስቦ በኮምፒውተር የሚፈለግበት ማለት ነው። ኮካ የሚባለው የአሜሪካ እንግሊዝኛ ክምችት ከ1 ቢሊዮን ቃላት በላይ ይዟል። የብሪታንያው ብሔራዊ ክምችት ወደ 100 ሚሊዮን ቃላት አለው። ግሡን አስገብተህ ከጎኑ የትኛው መስተዋድድ እንደሚበዛ ታያለህ። ውጤቱን ደግሞ በጽሑፍ ዓይነት ይለይልሃል። ለምርምር ጽሑፍ የምትፈልግ ከሆነ የንግግሩን ትተህ የምርምሩን ብቻ ተመልከት። ቁጥሩን አይተህ አትውጣ፤ አምስት ስድስት ዐረፍተ ነገር አንብብ።

ቃል ሰብሳቢ

አሜሪካና ብሪታንያ የሚለያዩበትም አለ። አሜሪካኖች «ፕሮቴስት ዘ ዲሲዥን» ይላሉ፣ ብሪታንያ «ፕሮቴስት አጌንስት» ይላል። አሜሪካ «ራይት ሚ» ይላል፣ ብሪታንያ «ራይት ቱ ሚ»። «ዲፈረንት» ላይ «ቱ»ም «ዛን»ም ይሰማል፤ «ፍሮም» ግን ሁለቱም ጋ ያስኬዳል። ዩኒቨርሲቲሽ የትኛውን እንደሚከተል ጠይቂና እሱን ያዢ።

ተመራቂ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ሙሉውን ሁለተኛ ምዕራፍ እንደገና አነበብኩት። የአራሚን ምክር ይዤ፣ በተመሳሳይ ቃል የቀየርኳቸውን ግሦች ብቻ መጀመሪያ ፈለግሁ። አሥራ አንድ ነበሩ። ዘጠኙ ላይ የአሮጌው ግሥ መስተዋድድ ቀርቷል። ከዚያ መምህር እንዳሉት «-በት» የሚሉትን ፈለግሁ። አራት ተገኙ።

አንዱን አንቀጽ ላስነብባችሁ። «ዚስ ቻፕተር ዲስከስስ ዘ ሪዘልትስ ኦፍ ዘ ሰርቬይ። ዘ ሰርቬይ ኮምፕራይዝስ ኦፍ ቱ ፓርትስ። ዘ ፈርስት አስክስ አባውት ዘ ሩምስ ኢን ዊች ስቱደንትስ ስተዲ፤ ዘ ሰከንድ ኤምፋሳይዝስ ዘ ቡክስ ኦን ዊች ዘይ ሪላይ።»

አራሚ

«ኮምፕራይዝስ ኦፍ» ላይ «ኦፍ» አለ። «ኮንሲስትስ ኦፍ» በዪው ወይም «ኦፍ»ን አውጪው። «አስክስ አባውት» ትክክል ነው፤ ስለ አንድ ነገር መጠየቅ ሲሆን «አባውት» ቦታው ነው። ሌላው ንጹሕ ነው።

የሰዋስው መምህር

«ኦን ዊች ዘይ ሪላይ» ያልሽው ደስ አሰኝቶኛል ልጄ።

ተመራቂ ተማሪ

«ኦፍ»ን አወጣሁት። አሥራ ሁለተኛው እሱ ነበር ማለት ነው። ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ እልካለሁ።